የብረት ፍርፋሪና የሥራ መሪ
በሄሊኮፕተር ኩባንያዎች ስላለው የደኅንነት አስተዳደር

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ብሂል አጭር ቢሆንም የአስተዳደርን ጥበብ በሁለት ቃል የጠቀለለ ነው። ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ውሃ ተሸክሞ የሚሮጥ ሰው በጎረቤት ሁሉ ይመሰገናል፤ ገና ጭሱ ሲታይ በእፍኝ ቅጠል ያጠፋው ሰው ግን ምስጋና አያገኝም፤ ያዳነውን ነገር ማንም አላየውምና። ስለ ደኅንነት የሚደረግ ሥራ ሁሉ ችግሩ ይኸው ነው። ወጪው ይታያል፤ ትርፉ አይታይም። በሒሳብ መዝገብ ላይ ለጥንቃቄ የወጣው ገንዘብ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ሳይደርስ የቀረው አደጋ የሚጻፍበት ዓምድ ግን የለም።

ይህ እውነት ጎልቶ ከሚታይባቸው ሥራዎች አንዱ በሄሊኮፕተር ሰው የማመላለስ ንግድ ነው። በስኮትላንድና በኖርዌይ መካከል በሚገኘው በሰሜን ባሕር ላይ፣ እንዲሁም በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ የነዳጅ ዘይት ከባሕር ወለል በታች የሚቀዳባቸው ታላላቅ የብረት ማማዎች ቆመው ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ወደ ሥራቸው የሚሄዱትና ወደ ቤታቸው የሚመለሱት አብዛኛውን ጊዜ በሄሊኮፕተር ነው። አመላላሾቹ ኩባንያዎች ከነዳጅ ኩባንያዎች ጋራ ውል ተዋውለው የሚሠሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሄሊኮፕተሩ ሲበር ገቢ ይገኛል፤ ሲቆም ገቢው ይጎድላል፤ ደንበኛውም ያጉረመርማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማለዳ አንድ ጥያቄ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ ይኸውም «ዛሬ ይብረር ወይስ ይቁም?» የሚል ነው።

ጥያቄው ለምን ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት የሄሊኮፕተሩን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚሰማሩት ታላላቅ ሄሊኮፕተሮች ሁለት ሞተር አላቸው። አንደኛው ቢጠፋ ሁለተኛው ይሸከማል፤ ሁለቱም ቢጠፉ እንኳ ልምድ ያለው አብራሪ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከታች በሚገፋው ነፋስ ትልቁን ክንፍ እያሽከረከረ ሊያሳርፈው ይችላል። ነገር ግን ሞተሮቹ ሁለት ሲሆኑ ካምቢዮው አንድ ብቻ ነው። ሱፐር ፑማ በሚባለው ሄሊኮፕተር ውስጥ የሞተሩ ዘንግ በደቂቃ ከ20 ሺህ ጊዜ በላይ ሲሽከረከር ትልቁ ክንፍ በደቂቃ 300 ጊዜ እንኳ አይዞርም። ያን ታላቅ ፍጥነት ወደዚህ ዝግታ የሚመልሰው፣ የሄሊኮፕተሩንም ክብደት ከክንፉ ጋራ የሚያያይዘው ይኸው ካምቢዮ ነው። እርሱ ከተሰበረ ምትክ የለውም። ስለዚህ በካምቢዮው ውስጥ የሚታይ ማናቸውም ትንሽ ምልክት ከትልቅ ነገር ይቈጠራል።

ምልክቱ የሚታየውም እንዲህ ነው። የካምቢዮው ማርሾች በዘይት ውስጥ ይሽከረከራሉ። አንዱ ማርሽ መጐዳት ሲጀምር ጥቃቅን የብረት ፍርፋሪ ወደ ዘይቱ ይጥላል። በዘይቱ መንገድ ላይ ትንሽ ማግኔት ተቀምጦ ፍርፋሪውን ይይዛል፤ ለአብራሪው ወይም ለመካኒኩም ያስታውቃል። መካኒኩ ፍርፋሪውን አንሥቶ ዓይነቱን ይመረምራል፤ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋራ ያስተያያል፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ያዘዘውን ይፈጽማል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው።

በማርች 25 ቀን 2009 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በስኮትላንድ በአበርዲን ከተማ የሚሠራ፣ በዚያን ጊዜ ቦንድ ኦፍሾር ሄሊኮፕተርስ ይባል በነበረው ኩባንያ ዘንድ፣ ከአንድ ሱፐር ፑማ ካምቢዮ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርፋሪ ተገኘ። ፍርፋሪው የተገኘው ስምንት ትናንሽ ማርሾች በአንድ መካከለኛ ማርሽ ዙሪያ እንደ ፕላኔት ከሚዞሩበት የካምቢዮው የላይኛው ክፍል ነበር። የኩባንያው ሠራተኞች ነገሩን አልናቁትም፤ አልደበቁትምም። ሄሊኮፕተሩን ወደ ሠራው ወደ ዩሮኮፕተር፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ኤርባስ ሄሊኮፕተርስ ወደሚባለው ፋብሪካ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ምክር ጠየቁ። ነገር ግን በጥያቄውና በመልሱ መካከል አለመግባባት ገባ። ፍርፋሪው ከየትኛው ክፍል እንደ ተገኘና ምን ዓይነት ብረት እንደ ሆነ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ዓይነት አልተረዱትም። በዚህም ምክንያት ያ የላይኛው ክፍል ተከፍቶ በውስጡ ያሉት ማግኔቶች ሳይመረመሩ ቀሩ። ሄሊኮፕተሩ በልዩ ክትትል ሥር ሆኖ መብረሩን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ 36 ሰዓት በረረ። በኤፕሪል 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ሚለር ከሚባለው የነዳጅ ማማ 14 መንገደኞችና 2 አብራሪዎች ይዞ ወደ አበርዲን ሲመለስ፣ ከፒተርሄድ ወደብ በስተሰሜን ምሥራቅ በኩል ከስምንቱ ማርሾች አንዱ ተሰነጠቀ። ካምቢዮው ተፈረካከሰ፤ ትልቁ ክንፍ ከሄሊኮፕተሩ ተለይቶ ወጣ፤ 16ቱም ሰዎች ሞቱ። በማርች 25 ቀን የተገኘው ፍርፋሪ ከእነዚሁ ማርሾች ብረት የተለየ እንዳልነበረ በኋላ በምርመራ ታወቀ።

የእንግሊዝ መንግሥት የአየር አደጋ መርማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ የአደጋውን ዋና ምክንያት የማርሹ ድካም ነው አሉ። ብረት እንደ ሰው ይደክማልና፤ አንድ ሸክም ብዙ ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል። ነገር ግን መርማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። በማርች 25 ቀን የተደረገው ሥራ ፍርፋሪው የማርሽ ጉዳት ምልክት መሆኑ እንዳይታወቅ ማድረጉን ለአደጋው ካገዙት ነገሮች መካከል ቈጠሩት። ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. በአበርዲን በዳኛ ፊት ምርመራ ተደረገ። ኩባንያው በመመሪያው መጽሐፍ የታዘዘውን ትክክለኛ ሥራ አለመፈጸሙን አመነ። ዳኛውም የጥገና ሥራ በመጽሐፉ መሠረት ብቻ እንዲሠራ በኩባንያው ውስጥ ሁሉም ያውቅ እንደ ነበር፣ ያ ደንብ ግን በዚያች አንዲት ጊዜ እንደ ተጣሰ አስረዱ፤ ደንቡ ቢጠበቅ ኖሮ አደጋው ሊቀር ይችል ነበር እንጂ በእርግጥ ይቀር ነበር ለማለት እንደማይቻልም ገለጡ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰነፍ ሠራተኛ ወይም ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ ነፍስ የሸጠ ነጋዴ አልተገኘም። ፍርፋሪው ታየ፤ ተነገረ፤ ምክር ተጠየቀ። የጠፋው ነገር በአንድ አፍና በአንድ ጆሮ መካከል ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለርስትና ለውል ብቻ አልነበረም። በስልክ የተነገረ ነገር ሰሚው እንደ ገባው ይሆናል እንጂ ተናጋሪው እንዳሰበው አይሆንም። የምን ክፍል እንደ ሆነ በስሙና በቁጥሩ፣ የተገኘው ምን እንደ ሆነ በመጠኑና በመልኩ፣ የታዘዘው ምን እንደ ሆነ በመመሪያው ገጽ ተጽፎ፣ ከሁለቱም ወገን ተፈርሞበት ቢሆን ኖሮ አለመግባባቱ በወረቀቱ ላይ በታየ ነበር።

በዚሁ ባሕር ላይ ከዚያ በፊት 21 ዓመት ቀደም ብሎ የደረሰው የፓይፐር አልፋ እሳትም ይህንኑ ይመሰክራል። በጁላይ 6 ቀን 1988 ዓ.ም. በዚያ የነዳጅ ማማ ላይ የአንድ ፓምፕ የደኅንነት ቧንቧ ለጥገና ተነሥቶ ነበር። የቀኑ ሠራተኞች ያውቁ የነበሩትን የሌሊቱ ሠራተኞች ሳያውቁ ፓምፑን አስነሡት፤ ጋዙ ወጥቶ ተቀጣጠለ፤ 167 ሰዎች ሞቱ። ወረቀቱ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን ለሚያስፈልገው ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት አልደረሰም። ስለዚህ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የተጻፈውን ማድረስና መድረሱንም ማረጋገጥ ያሻል።

ከሱፐር ፑማው ምርመራ የተገኘ ሌላም ትምህርት አለ፤ እርሱም በተለይ ለአስተዳዳሪዎች የሚሆን ነው። በካምቢዮው ላይኛውና ታችኛው ክፍል መካከል ማግኔቶች በቀለበት መልክ ተደርድረው ነበር። የተቀመጡትም ለበጎ ነበር፤ ከላይ የሚወድቀው ፍርፋሪ ወደ ታች ወርዶ ሌሎቹን ማርሾች እንዳይጐዳ ለመከላከል። ነገር ግን ቀለበቱ ፍርፋሪውን ስለሚይዘው ከታች ያለው ጠቋሚ ማግኔት የሚያየው ነገር ያጣ ነበር። ጠባቂው ምልክቱን ከተመልካቹ ሰወረው። ከአደጋው በኋላ በዚያው ወር ቀለበቱ እንዲነሣ የአውሮፓ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አዘዘ።

በስንት መሥሪያ ቤትና በስንት የንግድ ቤት እንዲህ ያለ የማግኔት ቀለበት ይኖር ይሆን! ከታች የሚመጣውን መጥፎ ወሬ አለቃውን እንዳያስቈጣው ብሎ በራሱ ዘንድ የሚያስቀር ጸሐፊ አለ፤ የበታቹን አቤቱታ አለስልሶና አሳጥሮ የሚያቀርብ የክፍል ሹም አለ፤ «ደኅና ነው» የሚል ቃል ብቻ ወደ ላይ የሚያሳልፍ ተቈጣጣሪ አለ። እያንዳንዱ በጎ ያደረገ ይመስለዋል። አለቃውም በጠረጴዛው ላይ ምንም ፍርፋሪ ባለማየቱ ሥራው በሙሉ ጤና ላይ ያለ ይመስለዋል። የወሬ አለመኖር ግን የደኅንነት ምስክር አይደለም።

ሁለተኛው ታሪክ የካናዳ ነው። በማርች 12 ቀን 2009 ዓ.ም. የኩጋር ኩባንያ ሄሊኮፕተር፣ ሲኮርስኪ ኤስ 92 የሚባለው፣ ከሴንት ጆንስ ከተማ 18 ሰዎች ይዞ ወደ ነዳጅ ማማዎቹ ሲበር የካምቢዮው ዘይት ፈሰሰ። የፈሰሰበትም ምክንያት የዘይቱን ፊልትሮ ከሚያስሩት ሦስት የቲታኒየም ብሎኖች ሁለቱ በመሰበራቸው ነበር። አብራሪዎቹ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብለው ወደ የብስ ለመመለስ ሞከሩ፤ ነገር ግን የዘይቱ ማስጠንቀቂያ ከታየ ከ11 ደቂቃ ያህል በኋላ ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ወደቀ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ።

ምልክቱ በዚህም ጊዜ አስቀድሞ ታይቶ ነበር። በጁላይ 2008 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የአንድ ተመሳሳይ ሄሊኮፕተር የፊልትሮ ብሎኖች ተሰብረው ዘይቱ ፈስሶ ነበር፤ ያ ሄሊኮፕተር ግን በደኅና አረፈ። ፋብሪካው ጉዳዩን መርምሮ የቲታኒየሙ ብሎን በአረብ ብረት እንዲለወጥ በጃንዋሪ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. ማስታወቂያ አወጣ፤ ለሥራውም የአንድ ዓመት ወይም የ1,250 የበረራ ሰዓት ጊዜ ሰጠ። የካናዳው አደጋ የደረሰው ማስታወቂያው በወጣ በ43ኛው ቀን ነው። ከአደጋው 11 ቀን በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ብሎኑ ሳይለወጥ ማናቸውም የዚህ ዓይነት ሄሊኮፕተር እንዳይበር በአስቸኳይ አዘዘ። ትናንት አንድ ዓመት ሊታገሥ የሚችል የነበረው ሥራ ዛሬ አንድ ቀን የማይታገሥ ሆነ። በመካከሉ የተለወጠው ብሎኑ አልነበረም፤ የተለወጠው ሰው ለነገሩ የሚሰጠው ግምት ነው።

ስለ ግምት ካነሣን፣ በዚሁ ጉዳይ የቃል ነገር ብዙ እንደሚሠራ ልብ ይሏል። የአሜሪካ ደንብ ይህን የመሰለ ሄሊኮፕተር የካምቢዮው ዘይት ቢፈስ ለ30 ደቂቃ መብረር እንዲችል ይጠይቃል፤ ነገር ግን የዘይቱ መፍሰስ «እጅግ የራቀ» ነገር መሆኑ ከተረጋገጠ ይህ ግዴታ ይቀራል ይላል። ሄሊኮፕተሩ ፈቃድ ያገኘው በዚህ ሐረግ ነበር። «እጅግ የራቀ» የተባለው ነገር ግን በዘጠኝ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ደረሰ። ሐረግ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ነው፤ በላዩ የሚሳፈሩበት ሰዎች ግን የሐረጉን ክብደት በነፍሳቸው ይሸከማሉ።

ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው አደጋዎች የተነሣ ዛሬ በዓለም የታወቀ የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት አለ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ይህንኑ ለብቻው በ19ኛው አባሪ ደንብ ጠቅልሎ ከኖቬምበር 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል። ሥርዓቱ በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው የኩባንያው መሪ በፊርማው የሚገባው ቃልና የኃላፊነት ድልድል ነው፤ ማን ለምን እንደሚጠየቅ በስሙ ይታወቃል። ሁለተኛው ሥጋትን አስቀድሞ ፈልጎ መመዘን ነው። ሦስተኛው የተወሰደው እርምጃ በእውነት መሥራቱን እየተከታተሉ ማረጋገጥ ነው። አራተኛው ሠራተኛውን ማስተማርና ወሬን ማካፈል ነው።

በአማርኛችን አደጋና ሥጋት ሁለት ቃል መሆናቸው ለዚህ ሥራ ይጠቅማል። አደጋ የደረሰው ነው፤ ሥጋት ሊደርስ የሚችለው ነው። በቀድሞው ዘመን የበረራ ጥንቃቄ በአደጋ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ሄሊኮፕተር ይወድቃል፣ መርማሪ ይላካል፣ ደንብ ይወጣል። በኖቬምበር 6 ቀን 1986 ዓ.ም. በሸትላንድ ደሴቶች አጠገብ ቺኑክ የተባለው ሄሊኮፕተር በካምቢዮ ስብራት ወድቆ 45 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ የካምቢዮን መንቀጥቀጥ በመሣሪያ እየለኩ ጉዳቱን አስቀድሞ ለማወቅ የሚደረገው ጥረት ተፋጠነ፤ በ1990ዎቹም ዓመታት በሰሜን ባሕር ሄሊኮፕተሮች ላይ መሣሪያው ገባ። አዲሱ ሥርዓት ከዚህም አልፎ መሪው ሥጋትን ራሱ እንዲፈልግ፣ ሬሳ እስኪቈጠር እንዳይጠብቅ ያዘዋል።

ይሁን እንጂ ሥጋትን የሚያውቀው ማነው? ብሎኑን በእጁ የያዘው መካኒክ፣ መንቀጥቀጡን በወንበሩ የሚሰማው አብራሪ፣ ዕቃውን የሚጭነው ሠራተኛ ነው እንጂ በቢሮ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ አይደለም። ስለዚህ ሥርዓቱ የሚሠራው ታናሹ ለታላቁ ያለ ፍርሃት ሲናገር ብቻ ነው። ስሕተቱን ራሱ መጥቶ የተናገረውን ሠራተኛ የቀጣ መሪ በማግሥቱ ጸጥታ ያገኛል፤ ያም ጸጥታ በጣም ውድ ዋጋ ያስከፍለዋል። ይህ ማለት ግን ቅጣት ፈጽሞ ይቅር ማለት አይደለም። እያወቀ ደንብ የሚጥስና ጉዳት የሚሰውር ሰው ሊጠየቅ ይገባዋል። እንደ ማናቸውም ሰው የተሳሳተውን ግን ከመቅጣት ይልቅ ለምን እንደ ተሳሳተ መጠየቅ ይሻላል፤ ነገ በእርሱ ስፍራ የሚቆመው ሌላው ሰው እንደዚያው ይሳሳታልና።

የዚህን ሥርዓት ወሰንም ሳይገልጹ ማለፍ ቅንነት አይሆንም። በኤፕሪል 29 ቀን 2016 ዓ.ም. በኖርዌይ በቱሮይ ደሴት አጠገብ የሱፐር ፑማ ወገን የሆነ ሌላ ሄሊኮፕተር ወድቆ 13 ሰዎች ሞቱ። የተሰነጠቀው ከሰባት ዓመት በፊት በስኮትላንድ እንደ ተሰነጠቀው ያለ ማርሽ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሞ የታየ ፍርፋሪ አልነበረም። የኖርዌይ መርማሪዎች በ2018 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ በአብራሪዎቹም ሆነ በኩባንያው ጥገና ለአደጋው ምክንያት የሆነ ጥፋት አላገኙም። ስንጥቁ ከማርሹ ወለል ጀምሮ ምልክት ሳይሰጥ ወደ ውስጥ ሄደ። ስለዚህ ጥሩ ጠባቂ ሊያየው የማይችለው ነገር አለ፤ ያን ጊዜ ሸክሙ በሠሪው ፋብሪካና ፈቃድ በሚሰጠው መንግሥት ላይ ይወድቃል። ከአንድ አደጋ የተገኘው ትምህርት ጠባቂውን ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ንድፍ ራሱን እስኪለውጥ ካልደረሰ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ለነጋዴው ወገን ደግሞ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ2014 ዓ.ም. በዚህ ንግድ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ አምስት ታላላቅ የሄሊኮፕተር ኩባንያዎች ሄሊኦፍሾር የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ዓላማውም በዋጋና በውል እየተሻሙ፣ ስለ ደኅንነት ያወቁትን ግን እንዳይሸሻሸጉ ነው። የአንዱ ኩባንያ ሄሊኮፕተር ሲወድቅ የሌላው ደንበኛ ደስ እያለው ወደ ተፎካካሪው አይሄድም፤ መሳፈሩን ራሱ ይፈራል። ጭነትን በመርከብ፣ ሰውን በመኪና፣ እህልን በመጋዘን የሚነግድ ሁሉ ይህን ነገር በራሱ ሥራ ላይ ሊመዝነው ይችላል። የከፋዩም ድርሻ መዘንጋት የለበትም፤ «ለምን ዛሬ አልበረረም?» እያለ የሚወቅስ ደንበኛ ነገ ስለ መውደቁ ሲጠየቅ እጁን ታጥቦ ሊወጣ አይገባውም።

እንግዲህ አስተዳዳሪም ሆነ ነጋዴ ስለ መሥሪያ ቤቱ ደኅንነት ማወቅ ቢፈልግ በመደርደሪያ ላይ ያለውን የደንብ መጽሐፍ ውፍረት አይለካ። ይልቁንስ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ። ከበታች ሠራተኛ የመጣ መጥፎ ወሬ በመጨረሻ ወደ እኔ የደረሰው መቼ ነው? ያ ወሬ በጽሑፍ ሰፍሮ መልሱም በጽሑፍ ተሰጥቶታልን? ሥራውን አስቁሞ የተናገረው ሠራተኛስ ተመሰገነ ወይስ ተወቀሰ? ለእነዚህ መልስ ያለው መሪ ሌሊት ቢተኛ ይገባዋል። መልስ የሌለው ግን ፍርፋሪው በየትኛው ቀለበት ላይ ተይዞ እንደ ቀረ ዛሬውኑ ይፈልግ፤ ፍርፋሪ ገና ፍርፋሪ ሳለ የሚያስከፍለው የአንድ ቀን ገቢ ብቻ ነውና።